ሰውና ምድር በነሐስ

የሰሜን ሸዋ ሰው ስለ አገሩ መልክዐ ምድር ሲናገር ልብ ሳይለው የሰውን አካል እየጠራ ይናገራል። ተራራው ወገብና ትከሻ አለው፤ መንደሩ በተራራው ጉያ ተቀምጧል ይባላል፤ ውሃው ከምንጭ ዐይን ይፈልቃል፤ ሜዳው አልቆ ገደሉ የሚጀምርበት ጠርዝ ከአፍ ጋራ በሚቀራረብ ቃል አፋፍ ተብሎ ይጠራል። ራስጌ ከራስ፣ ግርጌም ከእግር የወጡ ቃላት መሆናቸውን ማንም ያውቃል። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አንኮበር የደረሰ መንገደኛ ይህ አነጋገር ከየት እንደ መጣ ለመረዳት አይቸገርም። የደጋው ሜዳ በድንገት ይቈረጣል፤ ከዚያ በታች ጕብታው በጕብታ ላይ፣ ሸንተረሩም በሸንተረር ላይ ተጋድሞ እስከ አፋር ቈላ ድረስ ይወርዳል። ጧት ጉሙ ሲገፈፍ ያ ሁሉ ምድር ጕልበቱን አጥፎ በጐኑ የተኛ ሰው ይመስላል።

ይህን የመሰለውን አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ለመድነው አያስደንቀንም። ነገር ግን በሃያኛው መቶ ዓመት አንድ እንግሊዛዊ ቀራፂ ይህንኑ አሳብ ከቃል አውጥቶ በነሐስ ላይ ባሳረፈው ጊዜ ዓለም እንደ አዲስ ነገር ተመለከተው፤ ከአገራችንም ሰዎች ሥራውን በሥዕል ያዩት ብዙዎቹ እንግዳና ግራ የሚያጋባ ነው አሉ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ ጥበብ ምን እንደ ሆነ፣ ነሐስ በአገራችን ታሪክ ምን ዐይነት መንገድ እንደ ተጓዘና፣ እንዲህ ያለው ሐውልት በሰሜን ሸዋ ምድር ለማን ሊገባ እንደሚችል ነው። የአገራችንን ታሪክ ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልን እንጠቅሳለን።

የዚህ ጥበብ ዋና ሰው ሄንሪ ሙር እ.ኤ.አ. በ1898 በዮርክሻየር፣ ካስልፎርድ በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ። አባቱ ከምድር በታች እየገባ ከሰል የሚቈፍር ሠራተኛ ነበረ። ሙር ረጅም ዕድሜውን ያሳለፈው በአብዛኛው አንድን ነገር ደጋግሞ በመቅረፅ ነው፤ ይኸውም በክርኑ ተደግፎ የተጋደመ ሰው፣ ይልቁንም የተጋደመች ሴት ናት። ነገር ግን የሴቲቱ መልክ እንደ ፎቶግራፍ አይደለም። ጕልበቷ ኰረብታ ነው፤ ትከሻዋ የተራራ ጫፍ ነው፤ በክንዷና በጐኗ መካከል ያለው ቀዳዳ ዋሻ ነው። በሐውልት ላይ ቀዳዳ መክፈት ለብዙ ሰዎች ጕድለት ሆኖ ታይቶ ነበር፤ ሙር ግን በተራራ ጐን ላይ እንዳለ ዋሻ ሁሉ ቀዳዳም የራሱ ምስጢር እንዳለው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ አንዱን የተጋደመ አካል ለሁለት ከፍሎ፣ ራስና ደረትን ለብቻ፣ እግሮቹንም ለብቻ እንደ ሁለት ቋጥኝ አቆማቸው። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ ሸለቆ ሆነ። ተመልካቹ ዐይኑን ከአንደኛው ቋጥኝ ወደ ሁለተኛው ሲያሻግር አካሉን ራሱ ይጨርሰዋል። ፈረንጆች አብስትራክት የሚሉት፣ እኛም ረቂቅ የምንለው ሥነ ጥበብ እንዲህ ያለው ነው፤ ነገሩን ሙሉ በሙሉ አይተወውም፣ ሙሉ በሙሉም አያሳየውም።

ሙር ወደዚህ አሳብ የደረሰበት አንድ ምክንያት ለእኛ ታሪክ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 እና በ1941 የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ ሲደበድቡ ሕዝቡ ከምድር በታች ባሉት የባቡር መተላለፊያዎች ውስጥ ያድር ነበር። ሙር ወደዚያ እየወረደ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በረድፍ የተኙትን ሰዎች በወረቀት ላይ ሣላቸው። በእነዚያ ሥዕሎች ላይ ሰዎቹ ፊታቸው አይለይም፤ የተሸፋፈኑበት ጨርቅ እጥፋትና የገላቸው ከፍታና ዝቅታ ብቻ ይታያል። ከጦርነቱ በኋላ በነሐስ ሲሠራ የጨርቁን እጥፋት ይዞት መጣ፤ የጨርቅ መጨማደድና የተራሮች መጨማደድ አንድ ነገር መስሎ እንደሚታየውም ተናግሯል።

የመንዝን ደጋ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት ከቶ አይቸግረውም። በመንዝ ብርድ ላይ ከበግ ጠጕር የተሠራ ባና ተከናንቦ፣ ጕልበቱን አቅፎ ከመንጋው አጠገብ የተቀመጠ እረኛ ከሩቅ ሲታይ ድንጋይ ነው። እስኪነሣና እስኪራመድ ድረስ ሰው መሆኑ አይታወቅም። የባናው እጥፋት እንደ ሸንተረሩ ይወርዳል፤ ቀለሙም ከአለቱ አይለይም። ሙር በለንደን ምድር ቤት በጭንቅ ጊዜ ያየውን፣ የአገራችን ደገኛ በየቀኑ ያየዋል ማለት ነው። ልዩነቱ ያንን በነሐስ የሠራ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህ ስለ ምን ሆነ ብለን ስንጠይቅ ወደ ነሐስ ታሪክ መግባት ግድ ይሆንብናል።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። ነሐስ አብዛኛው መዳብ ሆኖ ጥቂት ቆርቆሮ የተጨመረበት ቅልቅል ብረት ነው፤ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ይቀልጣል። ከጥንት ጀምሮ ባለ እጆች ቅርፅ የሚያወጡለት በሰም ነው። ሠሪው የሚፈልገውን መልክ በሰም ይሠራና በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲተኰስ ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ ሰሙ በለቀቀው ቦታ የቀለጠው ማዕድን ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጭቃው ይሰበርና ሥራው ይወጣል። ትልቅ ሐውልት ሲሆን ከሰሙ በስተውስጥ ሌላ የሸክላ ልብ ይደረግለታል፤ ይህ ባይደረግ ነሐሱ በውስጡ ድፍን ሆኖ ከክብደቱ ብዛት የተነሣ ሲበርድ ይሰነጠቃል። በአገራችን በእጅ የሚያዙትና በዑደት ጊዜ ከፍ ብለው የሚታዩት የቀደሙት መስቀሎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚሁ በሰም ጥበብ ነው።

የቅኔያችን ሰምና ወርቅም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከአንጥረኛ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ሰሙ የሚታየው መልክ ነው፤ ወርቁ በሰሙ ቦታ የሚገባው ምስጢር ነው። ሆኖም ቅኔ የሚያውቁ ሊቃውንት ከሰምና ወርቅ ሌላ ኅብር የሚሉት መንገድ እንዳለ ያስተምራሉ። በሰምና ወርቅ ሰሙና ወርቁ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ በኅብር ግን አንዱ ቃል ራሱ ሁለቱን ምስጢር ይሸከማል፤ ሰሚው አንዱን ይዞ ሌላውን ሊጥል አይችልም። በእኛ አስተያየት የሰውን አካልና ምድርን ያዋሐደው ሐውልት ኅብር ነው። ጕልበቱ ኰረብታን ይመስላል ብለን ብቻ የምንተወው አይደለም፤ ጕልበትም ኰረብታም ሆኖ በአንድ ነሐስ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ይህን ጥበብ ባዕድ ነው የሚሉ ወገኖች የራሳቸውን የቅኔ ቤት ትምህርት ቢያስታውሱ ለመቀበል ባልተቸገሩ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በአገራችን የነሐስ የሰው ምስል ወሬ የሚጀምረው ከአክሱም ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት በቤጃ ሕዝብ ላይ ስላደረጉት ዘመቻ ባስጻፉት ድንጋይ ላይ፣ ለአምላካቸው ምስጋና አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ምስል ማቆማቸው ተመዝግቧል። የጀርመን ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1906 አክሱምን ሲመረምሩ ያገኙት አንድ የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ የእግሩ ማሳረፊያ 92 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ከእግሩ የተነሣ የአካሉን ትልቅነት መገመት ይቻላል። ከምስሎቹ ግን አንዱም ለዘመናችን አልደረሰም። የነሐስ ዕጣው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዋጋ ያለው ማዕድን ስለ ሆነ ዘመን ሲለወጥ ይቀልጣል። ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን የሙር የተጋደመ ሐውልት ከራሱ ከቀራፂው ግቢ በሌቦች ተጭኖ ተወስዷል። ዋጋው 3 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተው ይህ ሥራ ተቈራርጦ በ1,500 ፓውንድ ያህል የቁርጥራጭ ብረት ዋጋ እንደ ተሸጠ ፖሊሶች ደምድመዋል።

ከአክሱም በኋላ የሰው ምስል በአገራችን ከነሐስ ወጥቶ ወደ አለትና ወደ ሥዕል ሄደ። በላሊበላ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ ላይ ቅዱሳን በቁመተ ሰው ልክ ተቀርፀው ይታያሉ፤ ከአለቱ አልተለዩም፣ አለቱም አልለቀቃቸውም። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ከተራራው ሳይነሣ ተራራው ውስጥ የተፈለፈለ ስለ ሆነ፣ እነዚያ ቅዱሳን የተራራው አካል ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። በሰሜን ሸዋም በመንዝና በአካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት ድረስ ክርስቲያንም እስላምም ያልነበሩ ሰዎች ሙታናቸውን በትልልቅ የድንጋይና የአፈር ጕብታ ውስጥ ይቀብሩ ነበር። የአርኪዎሎጂ ሊቃውንት የሻይ ባህል ብለው የሰየሙት ይህ ነው። ከመቃብሮቹም የሸክላ ዕቃዎችና ዶቃዎች ወጥተዋል። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው ጕብታውን ከተፈጥሮ ኰረብታ ለይቶ ለማወቅ ያስቸግረዋል። በዚህም ምድር ሰው ኰረብታ ሆኖ የሚታወስበት ልማድ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት እንደ ነበረ እንረዳለን።

የቆመ የሰው ሐውልት በክርስቲያኑ መንግሥት ውስጥ ያልተለመደበት ምክንያት በደብረ ብርሃን ታሪክ ይታያል። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን በታየበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው፣ ቦታውን ደብረ ብርሃን ብለው፣ በዚያ ለብዙ ዘመን ተቀመጡ። እኒህ ንጉሥ ጣዖትንና ጥንቈላን አጥብቀው ያሳደዱ፣ በአንጻሩ ደግሞ የእመቤታችንን ሥዕል ክብር ያስፋፉ ነበሩ። ታላቁ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን የሠራውም በእርሳቸው ዘመን ነው። እንግዲህ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ የተሣለው መልክ ሲከብር፣ በዙሪያው ሊዞሩት የሚቻለው የቆመ ምስል ጣዖት እንዳይሆን ተፈራ። ነሐስም ሥራው ለመስቀል፣ ለቃጭልና ለጸናጽል ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት የሚያሳዝን ነው። ማዕድን የሚያቀልጠውና ብረት የሚመታው ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቀ ነበር። ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጩ፣ ጠይብና ቡዳ እየተባለ ከሌላው ሰው ጋራ እንዳይጋባና እንዳይቀላቀል ይደረግ ነበር። በአንኮበርና በአካባቢው ለቤተ መንግሥቱና ለገበሬው መሣሪያ የሚያወጡት ባለ እጆችም ከዚህ ስድብ አላመለጡም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ ያስነገሩት ነገሩ የቱን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ስላወቁ ነው። እሳትና ወናፍ የያዘው እጅ በተናቀበት አገር ታላቅ የነሐስ ቅርፅ እንዲወጣ መጠበቅ፣ ሳይዘሩ እንደ ማጨድ ይቈጠራል።

ነሐስ በብዛት ፈስሶ ትልቅ ነገር የሆነው ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ነው። በ1859 ዓ.ም. ገደማ በዚያ የነበሩት አውሮፓውያን ባለ ሙያዎችና የአገር ልጆች ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ አፈሰሱ። ያ መድፍ በሰው ጕልበት እየተጐተተ እስከ መቅደላ ደረሰ። በጋፋት የታየው ሙያ ቢቀጥል ኖሮ ከመድፍ ወደ ሐውልት ለመሻገር ሩቅ አልነበረም፤ ዳሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከሞቱ በኋላ ሥራው ተበተነ።

የሰው መልክ እንደ ገና በነሐስ የቆመው በሃያኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ፈረሰኞች ሁለቱም የአንኮበሩ ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጆች መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው። በአዲስ አበባ በጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በጀርመን ባለ ሙያ ተነድፎ ጥቅምት 22 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ዋዜማ ተመረቀ። በወረራው ዘመን ጠላት ነቅሎ አስቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሁለተኛው በሐረር የቆመው የራስ መኮንን ሐውልት ነው፤ የነደፉትም የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ናቸው።

አፈወርቅ ተክሌ የአንኮበር ልጅ ናቸው። የተወለዱት ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ማዕድኑን ከምድር ከማውጣት ይልቅ መልክ መስጠቱን መረጡና በለንደን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በስሌድ ትምህርት ቤትም ሥዕል፣ ቅርፅና የሕንፃ ንድፍ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1951 በለንደን በተደረገው የብሪታንያ በዓል ላይ የሙር የተጋደመ የነሐስ ሐውልት ለሕዝብ በታየ ጊዜ አፈወርቅ በእንግሊዝ አገር ተማሪ ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በየጠቅላይ ግዛቱ እየተዘዋወሩ ያገራቸውን ጥበብ መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1954ም በአዲስ አበባ የመጀመሪያ ትርኢታቸውን አሳዩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስታወት ሥዕላቸው ስማቸውን በዓለም አስጠርቷል። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

የሐረሩ ሐውልታቸው ግን ከእርሳቸው በኋላ ብዙ አልቆየም። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. ከድምፃዊው ከሃጫሉ ሁንዴሳ መገደል በኋላ በተነሣው ሁከት ፈረሰ። እኛ እዚህ ላይ የምንናገረው ስለ ፖለቲካው ክርክር አይደለም፤ ስለ ሐውልቱ ቅርፅ ነው። ፈረሰኛ ሐውልት ከፍ ያለ መቆሚያ ይፈልጋል። መቆሚያው ሰውየውን ከምድር ለይቶ ያወጣዋል፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ እንዲያየው ያስገድዳል። እንዲህ ያለው ሐውልት ስም ያለው፣ ወገን ያለው፣ ዘመን ያለው ነው፤ ስለዚህ ዘመኑ ሲለወጥ ክርክሩ ወደ እርሱ ይመጣል። በመሬት ላይ ያለ መቆሚያ የሚጋደመው፣ ሰውም ምድርም የሆነው ሐውልት ይህን ጥያቄ አያስነሣም ባንልም፣ የሚጠይቀው ነገር ሌላ ነው። ማን ነው ብሎ ከመጠየቅ በፊት ምን ሆኖ ነው ያሰኛል።

ለዚህም ነው በሰሜን ሸዋ ታሪክ ውስጥ አንድ ቦታ በፈረሰኛ ሐውልት ሊታወስ የማይችለው። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. በመንዝ አካባቢ ዘረት በተባለው ቦታ፣ የአገሬው ሰው አመፀኛ ዋሻ በሚለው ውስጥ፣ አርበኞች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከሽማግሎች ጋራ ተጠልለው ነበር። የኢጣልያ ጦር ዋሻውን ከበበ፤ የመርዝ ጋዝም ተጠቀመ፤ የወጡትንም በጥይት ፈጀ። የሟቾቹ ቍጥር ከአንድ ሺህ እንደሚበልጥ የታሪክ ጸሐፊዎች ገምተዋል። ነገሩን የአካባቢው ሰው ሲያስታውሰው ቢኖርም፣ በውጭው ዓለም በሰፊው የታወቀው አንድ የኢጣልያ ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2006 በወታደራዊ መዝገብ ውስጥ ወረቀቱን ካገኘና ወደ ቦታው ከሄደ በኋላ ነው። ከግፉ እስከዚያ ጊዜ ድረስ 67 ዓመት አልፏል።

እንግዲህ ለእነዚህ ሰዎች ሐውልት ይቁም ቢባል የማን ፊት ይቀረፃል? የእናቶቹና የሕፃናቱ ፎቶግራፍ የለም። አንድ አርበኛ በፈረስ ላይ ቢቆም በጨለማ ውስጥ የታፈኑት ሁሉ ይቀራሉ። ሙር በለንደን ምድር ቤት የሣላቸው ሰዎች ከዘረት ሰዎች ጋራ በሁለት ዓመት ያህል ልዩነት በምድር ጉያ የተሸሸጉ ነበሩ፤ ፊታቸውን ሳይሠራ የተሸፈኑበትን እጥፋትና የተኙበትን ሁኔታ ብቻ በማሳየቱ ሁሉንም ማስታወስ ቻለ። በዘረትም የሚገባው ባና የተከናነቡ፣ እርስ በርሳቸው የተጠጉ፣ ከአለቱ የማይለዩ አካላት ናቸው። በመካከላቸው የሚከፈተው ቀዳዳ የዋሻው አፍ ይሆናል። የሞተው ሰውና የሞተበት ምድር በአንድ ነሐስ ይነገራሉ፤ ይኸውም ከላይ ያነሣነው ኅብር ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቀዋለን። ገበሬው ሐውልቱን አይቶ ይህ ድንጋይ ነው ወይስ ሰው ብሎ ይቸገራል፤ ለጀግና መልኩና ስሙ ይገባዋል የሚሉ አሉ። ይህ ተቃውሞ የሚናቅ አይደለም። በስድሳዎቹ እ.ኤ.አ. ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን በአዲስ አበባ ባሳየ ጊዜም የኢትዮጵያ መልክ የለውም የሚል ትችት ደርሶበታል። እኛም ስም ላለው ጀግና ስሙና መልኩ እንዲሠራለት እንስማማለን፤ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ዐድዋ አቅጣጫ እያዩ መቆማቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ስም ለሌላቸው ብዙዎች የአንድን ሰው መልክ መስጠት ሌሎቹን መርሳት ይሆናል። ገበሬውንም በዚህ ነገር አናሳንሰው። ተራራውን ወገብና ትከሻ አለው እያለ ለዘመናት የኖረ ሰው፣ የተራራ ትከሻ ያለውን ሰው በነሐስ ቢያየው ከከተማው ሰው ቀድሞ ሊያውቀው ይችላል።

ሌላው የሚነሣው ጥያቄ ስለ ችሎታና ስለ ወጪ ነው። ረቂቁን ጥበብ በብረታ ብረት ላይ ለማዋል ኢትዮጵያውያን አቅም እንደማያንሳቸው እስክንድር ቦጎስያን ከከበደች ተክለ አብ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያቆሙት የአሉሚኒየም ሥራ ይመሰክራል። የነሐስ ሐውልት ወጪው ከፍተኛ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ጠባቂ እንደሚያሻውም ከሙር ሐውልት መሰረቅ ተምረናል። ስለዚህ በትልቁ መጀመር አያስፈልግም። በደብረ ብርሃን ያሉ የቅርፅ ተማሪዎችና በየገጠሩ ያሉ አንጥረኞች አንድ ላይ ተቀምጠው፣ አንዱ ከሌላው እየተማረ፣ በክንድ ልክ የሆነ ቅርፅ በሰም ሠርተው ቢያፈስሱ መልካም ጅምር ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥራ በተለይ ለአንጥረኛው የሚሰጠው ክብር አለ፤ በአባቶቹ ላይ የወረደው ስድብ ዛሬም ከአንዳንዱ ሰው ልብ ጨርሶ ስላልወጣ፣ የአገሩን ሙታን መታሰቢያ ያፈሰሰው እጅ የእርሱ መሆኑን ሕዝቡ ሊያይ ይገባል።

አባቶቻችን ሰው ከአፈር፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ብለው ያስተምራሉ። ነሐስ አፍሳሹም ሸክላውን ከአፈርና ከውሃ ይለውሳል፤ እሳቱን በወናፉ ነፋስ ያነድዳል። እነዚህ ሁሉ በሰሜን ሸዋ ይገኛሉ፤ ሰሙንም ንብ አርቢው ያቀርባል። የዘረትን ሰዎች የሚያስታውሱ ሽማግሎች ቍጥር ግን በየዓመቱ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ሐውልቱን ከማቆም በፊት የሚቀድመው ሥራ ቃላቸውን መጻፍ፣ በዋሻው ውስጥ ምን እንደ ነበረ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደ ተቀመጠ መጠየቅ ነው። ቀራፂው ሰሙን የሚያበጀው ያንን ከሰማ በኋላ ሊሆን ይገባል።